ሻይ፣ ሲኒ፣ በራድ፦ የልማልሞ ነጋዴዎች በጓዳችን የተዉት ታሪክ

የዳባትና የደባርቅን የማለዳ ብርድ የሚሰብረው ሻይ ነው። በራዱ ይጣዳል፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ይጨመራል፣ ስኳር ይቀርባል፣ ሲኒ ይደረደራል። ለመሆኑ እነዚህ ቃላት ከየት እንደመጡ አስበን እናውቃለን?

እንቁጠራቸው። በራድ ከዐረብኛው «በራድ» ነው። ቀረፋ «ቂርፋ»፣ ቅርንፉድ «ቀረንፉል»፣ ስኳር «ሱከር»፣ ፍንጃል «ፊንጃን» ናቸው። ከሁሉም የሚገርመው ሲኒ ነው። በዐረብኛ «ሲኒ» ማለት «የቻይና» ማለት ነው፤ ነጩ ስስ ዕቃ ከዚያ ይመጣ ስለነበር በአገሩ ስም ተጠራ። ቡናችንን ስንጠጣ እንኳ የቻይናን ስም በእጃችን ይዘን ነው።

«ሻይ» የሚለው ቃልም የመጣበትን መንገድ ይናገራል። ቻይናዎች «ቻ» ይሉታል፤ ፋርሶች «ቻይ» አሉት። ዐረብኛ የ«ቸ» ድምፅ ስለሌለው «ሻይ» አደረገው። በፉጂያን ጠረፍ «ቴ» የሚባለውን አጠራር ደግሞ የሆላንድ መርከበኞች ወደ አውሮፓ ወሰዱት። አማርኛ «ቸ» አላጣም። ቃሉ ከፋርስ ወይም ከህንድ በቀጥታ ቢመጣ «ቻይ»፣ ከአውሮፓ ቢመጣ «ቴ» ባልን ነበር። እኛ ግን «ሻይ» አልን። ከተከዜ ማዶ በትግርኛ «ሻሂ» ሲባል የምንሰማውም የየመንና የሒጃዝ ሰዎችን አጠራር ነው። ስለዚህ ቃሉን ያቀበለን ዐረብኛ ተናጋሪ ነው።

ይህም አይገርምም። ከቻይና ውጭ ስለ ሻይ ከተጻፉት ቀደምት ዘገባዎች አንዱ የተገኘው ከሙስሊም ነጋዴዎች ነው። በ237 ዓመተ ሂጅራ (851 እ.ኤ.አ.) የተጻፈው «አኽባር አስ-ሲን ወል-ሂንድ» የተባለው የዐረብኛ መጽሐፍ፣ ቻይናዎች በፈላ ውሃ የሚጠጡት «ሳኽ» የሚባል መራራ ቅጠል እንዳላቸውና ንጉሣቸው ከጨውና ከዚህ ቅጠል ገቢ እንደሚያገኝ ይተርካል። ጥቁር ሻይ ያኔ ገና አልነበረም። እርሱ የታወቀው በ17ኛው ክፍለ ዘመን በፉጂያን፣ በዉዪ ተራሮች ነው። ቻይናዎች በውሃው ቀለም «ቀይ ሻይ» ብለው ይጠሩታል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከምጽዋ የተነሳ ሲራራ ነጋዴ በአድዋ አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ ልማልሞን ወጥቶ፣ በደባርቅና በዳባት በኩል ጎንደር ይገባ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1770 እ.ኤ.አ. የመጣው በዚሁ በልማልሞ ነው። ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ጀበርቲዎች ነበሩ። ለምን? በ1668 እ.ኤ.አ. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተካሄደ ጉባኤ ሙስሊሞች በጎንደር ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ፤ የአዲስ ዓለም ሰፈር ታሪክም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ርስት የተከለከለ ሰው ፊቱን ወደ ሽመናና ወደ ንግድ አዞረ። የህንድ ጨርቅ፣ ቁንዶ በርበሬና ቅርንፉድ በበቅሎና በአህያ ጭኖ ያንን ዳገት ወጣ። ቅመሙ ከሻይ ቅጠሉ ቀድሞ እዚህ ደርሷል ማለት ነው።

ዛሬ በአገራችን ሻይ የሚለማው በኢሉባቦር በጉማሮ፣ በካፋ ደግሞ በውሽውሽ ነው። ነገር ግን በቅመምና በስኳር ብዛት የቅጠሉን ጣዕም ሳናውቀው እንቀራለን። ከውጭ የመጣ ዘመድ ምንም ያልተጨመረበት የቻይና ጥቁር ሻይ ቢያመጣላችሁ፣ መጀመሪያ ባዶውን ሞክሩት።

አፈላሉ እንዲህ ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውሃ እዚያ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚህ ሙቀት ቅጠሉ ጣዕሙን ቶሎ አይለቅም። እናቶቻችን ቅጠሉን ከውሃው ጋር አብረው ማፍላታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም ብዙ ሲፈላ ይመራል፤ ምሬቱን ለመሸፈን ስኳር ይበዛል። ስለዚህ በራዱን በፈላ ውሃ አሙቁና ድፉት። ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅጠል አድርጉ። እየተንፈቀፈቀ ያለውን ውሃ ከእሳት እንደወረደ ጨምሩበት፤ ክደኑት፤ 5 ደቂቃ ቆይታችሁ አጥልሉ። የመጀመሪያውን ጉንጭ ያለ ስኳር ቅመሱ። ከ1875 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንሁዪ የሚሠራው የቺመን ቅጠል ካለበት ወደ ማር የሚያደላ ጣዕም ታገኛላችሁ፤ የዩናን ከሆነ ደግሞ ወፈር ያለ፣ የብቅል ሽታ ያለው ነው። የተለያየ ቦታ ቅጠል የሚደባለቀው አንዱ የጎደለውን ሌላው እንዲሞላና ጣዕሙ ከዓመት ዓመት እንዳይለዋወጥ ነው።

ቅመም አትጨምሩ ማለታችን አይደለም። ቅመሙም የእነዚያ ነጋዴዎች ውለታ ነው። ብዙዎቹ ስማቸው በዜና መዋዕል አልተጻፈም፤ ሐውልትም አልቆመላቸውም። የተረፈልን በየቀኑ የምንጠራው ቃል ነው። አያቶቻቸው በልማልሞ የነገዱ ሽማግሌዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ሲራራው የት ያድር እንደነበር፣ ምን ጭኖ ምን ይዞ ይመለስ እንደነበር ጠይቋቸው፤ የሰማችሁትንም ጻፉት። እነርሱ ካለፉ በኋላ የሚጠየቅ ሰው አይኖርም።