ሚያዝያ 27 የማን ቀን ነው?

ሚያዝያ 27 ሲደርስ እኛ ተማሪዎች አስቀድመን የምናስበው ትምህርት አለመኖሩን ነው። ልብስ እናጥባለን፣ እንተኛለን፤ የበረታ እስከ አራት ኪሎ ሐውልት ወጥቶ ሰልፉን አይቶ ይመለሳል። ዘንድሮ ግን ከመኝታ ክፍላችን አንዱ፣ ያውም ታሪክ የማያጠናው፣ «ለመሆኑ ጠላት ከአዲስ አበባ የወጣው በዚህ ቀን ነው?» ብሎ አፋጠጠን። «ነዋ!» አልነው። ተሳስተን ነበር።

አዲስ አበባ ከፋሺስት እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ከኬንያ የተነሣው የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር በሞቃዲሾና በሐረር አድርጎ በዚያ ዕለት ከተማዋን ያዘ። ንጉሠ ነገሥቱስ የት ነበሩ? በዚያው ዕለት ደብረ ማርቆስ ገቡ። ጥር 12 በኦሜድላ ድንበር ተሻግረው በጎጃም በኩል ነበር የመጡት። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ሆኖም እንግሊዞቹ በከተማዋ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኢጣሊያውያን ሲቪሎች ስላሉ ሕዝቡ ይበቀላቸዋል ብለው ሰጉና ጉዞውን አዘገዩባቸው። አንድ ወር ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሚያዝያ 27 ቀን ገቡ። በዚያም ዕለት ባደረጉት ንግግር ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አደራ አሉ።

ታዲያ ቀኑ ሌላ ባለቤትም ነበረው። ልክ ከአምስት ዓመት በፊት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የገባው ማርሻል ባዶሊዮ ነው። ንጉሡ ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ሚያዝያ 24 በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄደው፣ ከተማዋ ስትዘረፍና ስትቃጠል ሰንብታለች። ሙሶሊኒ በዚያው ምሽት ሮም ላይ ከሰገነት ሆኖ ድሉን ለሕዝቡ አወጀ። እንዲህ ያለ መገጣጠም በዕድል ብቻ የመጣ አይመስለንም። የጠላትን ቀን ቀምቶ የራስ ማድረግ ነው፤ እንደ እኛ አስተያየት ከሰልፉ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በየዓመቱ ስናከብር ግን የ1928ቱን ማን ያነሣዋል?

በደርግ ዘመን በዓሉ ወደ መጋቢት 28 ተዛውሮ ነበር። የንጉሥ መመለሻ ለምን ይከበራል ነው ነገሩ፤ ይገባናል። ግን መጋቢት 28 ከተማዋን የያዘው የደቡብና የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች የነበሩበት የእንግሊዝ ጦር ነው እንጂ አርበኛው አይደለም! ከ1983 በኋላ በዓሉ ወደ ቦታው ተመለሰ።

አርበኞቹስ? አበበ አረጋይ በሸዋ፣ በላይ ዘለቀ በጎጃም፣ ስማቸው ያልተጻፈ ስንቶች በየበረሃው ሲዋጉ ኖሩ። የእነሱ ድል በአንድ ጀንበር የመጣ አይደለምና የቀን ቁጥር አይገኝለትም። በዓሉ በስማቸው ሲጠራ ቀኑ ግን ሌሎች የገቡበት ነው።

በዚህ ጉዳይ ክፍላችን ለሁለት ተከፍሎ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። ብዙዎቻችን በሚያዝያ 27 ጸናን። በመጨረሻ አንዱ መጽሐፍ ገልጦ፣ ሁለቱም ቀኖች ሲያልፉ ጎንደር ገና በጠላት እጅ እንደነበረች፣ ነጻ የወጣችውም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እንደሆነ አነበበልን። ጎንደሬው ጓደኛችን ብርድ ልብሱን ሳበና፣ «እንግዲያው የእኔን በዓል በኅዳር ቀስቅሱኝ» ብሎ ተኛ።