የማርሽ መስተዋት፤ ስለ ኬሚካዊ ምርመራ አጭር ታሪክ

በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ተማሪ ያልታወቀ ጨው ይሰጠዋል። በውሃ ያሟሟውና የሲልቨር ናይትሬት ጠብታ ይጨምርበታል፤ ነጭ ዝቃጭ ባየ ጊዜም «ክሎራይድ አለ» ብሎ በደብተሩ ይጽፋል። ይህች አጭር ዐረፍተ ነገር ፍርድ ናት። ፍርዱ ቢሳሳት ተማሪው ጥቂት ነጥብ ከማጣት በቀር ሌላ ጉዳት አይደርስበትም። ይሁን እንጂ ይህንን የመመርመር ጥበብ ካዳበሩት ሊቃውንት አንዳንዶቹ በፊታቸው ያገኙት የነጥብ ሳይሆን የሰው ሕይወት ጉዳይ ነበር። ከዚህ በታች የሚተረከው ከዚሁ ታሪክ አንዱ ምዕራፍ ሲሆን፣ ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነጭ አርሴኒክ የሚባለው የአርሴኒክ ኦክሳይድ ሽታ የለውም፤ በምግብ ውስጥ ሲገባም ጣዕሙ አይለይም፤ መልኩ ከዱቄትና ከስኳር ጋር ይመሳሰላል። ለአይጥ መግደያ ይሸጥ ስለነበር በማንም እጅ ሊገባ ይችል ነበር። የተመረዘው ሰው የሚያሳየው ማስመለስና ተቅማጥ ከኮሌራ በሽታ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ሐኪሙ የሞቱን ምክንያት ለይቶ መናገር ይቸግረው ነበር። ፈረንሳውያን ይህን መርዝ «የውርስ ዱቄት» ብለው መጥራታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

በ1830ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር ጆን ቦድል የተባለ ወጣት አያቱን በቡና ውስጥ መርዝ አድርጎ ገደለ ተብሎ ተከሰሰ። ምርመራው የተሰጠው በዉሊች የጦር መሣሪያ ማምረቻ ይሠራ ለነበረው ኬሚስት ለጄምስ ማርሽ ነበር። ማርሽ በዘመኑ በታወቀው ዘዴ፣ ማለትም በሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ተጠቅሞ፣ ቢጫውን የአርሴኒክ ሰልፋይድ ዝቃጭ አገኘ። ነገር ግን ናሙናው በዳኞቹ ፊት እስኪቀርብ ድረስ ተበላሽቶ ስለነበር ሊያሳምናቸው አልቻለም፤ ተከሳሹም በነጻ ተለቀቀ። ማርሽ በዚህ እጅግ አዘነ፤ የማይጠፋና ማንም ሰው በዓይኑ አይቶ የሚያምነው ማስረጃ መፈለግ ጀመረ።

ልፋቱም በ1836 ፍሬ አፈራ። የሚመረመረው ነገር ከዚንክና ከአሲድ ጋር ሲቀላቀል የሚፈጠረው ሃይድሮጅን፣ አርሴኒክ ካገኘ አርሲን የተባለውን ጋዝ ይሠራል። ይህ ጋዝ በቀጭን ቱቦ ሲወጣ በእሳት ተለኩሶ ነበልባሉ ከቀዝቃዛ የሸክላ ሳሕን ጋር ሲነካካ፣ በሳሕኑ ላይ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ልባጥ ይቀራል። «የአርሴኒክ መስተዋት» የሚባለው ይህ ነው። ዘዴው የአንድ ሚሊግራም ሃምሳኛ ያህል አርሴኒክ እንኳ ሊያጋልጥ ይችል ነበር።

መስተዋቱ ዝናን ያተረፈው በ1840 በፈረንሳይ አገር ነው። ማሪ ላፋርዥ የተባለች ወጣት ሴት ባልዋን መርዛ ገድላለች ተብላ በቱል ከተማ ፍርድ ቤት ቀረበች። መጀመሪያ የተመደቡት መርማሪዎች በምግቡ ውስጥ አርሴኒክ ቢያገኙም በሟቹ አካል ውስጥ በማርሽ ዘዴ ፈልገው አጡ። በዚህ ጊዜ የፓሪስ የሕክምና ፋኩልቲ ዲን የነበረው ማቲዩ ኦርፊላ ተጠርቶ ምርመራውን ደገመ፤ በአካሉም ውስጥ መርዙን እንዳገኘ መሰከረ። ሴትዮዋ ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት። በ1852 ተፈታ በዚያው ዓመት ሞተች፤ እስከ መጨረሻዋም ንጹሕ ነኝ እንዳለች ነበረች።

የማኅበራችን አባላት በተለይ ሊያስቡበት የሚገባው ቀጥሎ ያለው ነጥብ ነው። የዚያ ዘመን ዚንክና አሲድ ራሳቸው አርሴኒክ ሊኖርባቸው ይችል ነበር። እንግዲህ መስተዋቱ ሲታይ የመሰከረው ማን ነው፤ የሟቹ አካል ወይስ የመርማሪው ዚንክ? ኦርፊላ የተገኘው አርሴኒክ ከመመርመሪያዎቹም ሆነ በሬሳ ሣጥኑ ዙሪያ ከነበረው አፈር እንዳልመጣ ለይቶ መናገር ግድ የሆነበት ስለዚህ ነው። ናሙናውን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ሁሉ እንዳለ መሞከር፣ ማለትም ባዶ ሙከራ፣ ከትርፍ ጥንቃቄ ተቆጥሮ የሚተው ሳይሆን የፍርዱ ግማሽ ነው።

ሌላም ችግር ነበር። አንቲሞኒ የተባለው ንጥረ ነገር ተመሳሳይ መስተዋት ይሠራል። የአርሴኒኩ በሶዲየም ሃይፖክሎራይት ሙሙት ሲሟሟ የአንቲሞኒው ስለማይሟሟ ሁለቱ ይለያያሉ። አንድ ምልክት ብቻውን እንደማይበቃና ማረጋገጫ እንደሚያሻው ከዚህ እንረዳለን። በ1841 ጀርመናዊው ሬሚጊዩስ ፍሬሴኒዩስ ገና ተማሪ ሳለ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ልማድ ሥርዓት አድርጎ አቀረበው፤ ንጥረ ነገሮችን በመደብ እየለዩ ቀጥሎ እያንዳንዱን ማረጋገጥ በየትምህርት ቤቱ የተስፋፋው በዚህ መንገድ ነው።

ወደ ተማሪያችን እንመለስ። ጨውን ያሟሟው በቧንቧ ውሃ ከሆነ፣ ያየው ክሎራይድ የውሃው እንጂ የጨው ላይሆን ይችላል፤ ውሃውን ብቻውን ቢፈትን ኖሮ ያውቀው ነበር። እንዲሁም ሰልፌትን በባሪየም ክሎራይድ ሲፈልግ ካርቦኔት እንዳያሳስተው አስቀድሞ አሲድ መጨመር አለበት። አሲዱ ግን ሃይድሮክሎሪክ እንጂ ሰልፈሪክ ሊሆን አይገባም፤ አለዚያ ራሱ ያስገባውን ሰልፌት መልሶ «አገኘሁ» ይላል። ስሕተቱ የማርሽን ዘመን ዚንክ ስሕተት ይመስላል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በቤተ ሙከራ ግን እውነት የሚጠራው በማደር ብቻ ሳይሆን «ይህ ምስክር ከየት መጣ?» ብሎ በመጠየቅ ጭምር ነው። ዛሬ አርሴኒክን የሚለኩ እጅግ የረቀቁ መሣሪያዎች አሉ፤ ዳሩ ግን እነርሱም ቢሆኑ በባዶ ናሙና ሳይፈተኑ አይታመኑም። ስለዚህ መምህሩ የዝቃጮቹን ቀለም ከማስጠናት አልፎ፣ ተማሪው «አለ» ብሎ ከመጻፉ በፊት ባዶውን ቱቦ እንዲፈትን ቢያስለምደው፣ ያስተማረው ከኬሚስትሪም በላይ ፍርድን ነው።