የአምቡሊ ውኃና መጻተኞቹ

ከጅቡቲ ከተማ በስተደቡብ፣ ከጥቁር ድንጋይ ተረተር ተነሥቶ ወደ ባሕር የሚወርደው የአምቡሊ ወንዝ ስሙ ወንዝ ይባል እንጂ፣ ከዓመቱ ጥቂት ቀናት በቀር ለዓይን የሚታይ ውኃ የሌለው፣ አሸዋና ጠጠር የሞላበት ሰፊ ደረቅ መውረጃ ነው። ነገር ግን ዐዘቅት ቆፍሮ ለሚፈልገው ሰው ከአሸዋው ሥር የሚጠጣ ውኃ ይሰጣልና፣ በዚያ እንደ እቶን በሚነድድ ምድር ላይ ከተማ ሊቆረቆር የቻለው በዚህ ስውር ውኃ ምክንያት ነው ማለት ከእውነት አያርቅም። ፈረንሳዊው አገረ ገዥ ሌዎንስ ላጋርድ በ1880 ዓ.ም. ከኦቦክ ማዶ ያለውን የጅቡቲን ባሕረ ገብ መሬት ሲመርጥ፣ መርከብ የሚጠጋበትን ጸጥተኛ ባሕርና ወደ ሐረርና ወደ ሸዋ የሚወጣውን የሲራራ መንገድ ተመልክቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሰውም ግመልም ሳይጠጣ አያድርምና፣ በ1888 ዓ.ም. የቅኝ ግዛቱ መቀመጫ ከኦቦክ ወደ ጅቡቲ ሲዛወር፣ የወደቡ ሕይወት በአምቡሊ ጕድጓዶች ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ውኃ ባለበት ሰው ይሰበሰባል። አስቀድሞ በዚያ ምድር የሚኖሩት ከብታቸውን እየነዱ ከግጦሽ ወደ ግጦሽ የሚዘዋወሩት ኢሳዎችና አፋሮች ነበሩ፤ ከባሕሩ ማዶ ከየመን የተሻገሩ ዓረቦች ደግሞ በወንዙ ዳርና ዳር የተምር ዛፍ ተክለው፣ አትክልት አብቅለው፣ አምቡሊን በምድረ በዳ መካከል እንደ ገነት የለመለመች አደረጓት፤ የጥንት የፖስታ ካርዶችም የአምቡሊን የአትክልት ስፍራ ለአውሮፓ ሰዎች የጅቡቲ ጌጥ አድርገው ያሳዩ ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ያን ዕፅ የተከለው እጅ ከሌላ አገር የመጣ እጅ መሆኑ ነው። ከተማዪቱ ገና ስትወለድ የጠጣችውን ውኃም፣ የበላችውን አትክልትም ያቀረበላት መጻተኛ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ታላቁ ጥሪ የምድር ባቡሩ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡትና ፈረንሳዊው ሌዎን ሼፍኖ አብሮት የያዘው የሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሥራ ላይ ሲውል፣ ሐዲዱ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በ1895 ዓ.ም. በኋላ ድሬዳዋ ከተባለው ስፍራ ደረሰ፤ ከብዙ የገንዘብና የፖለቲካ ክርክር በኋላም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ሰባት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው ይህ መንገድ የተሠራው፣ ጣልያኑና ግሪኩ ድልድዩን እያነጹ፣ ዓረቡ ድንጋዩን እየጠረበ፣ ሶማሊውና ሐበሻው አፈሩን እየዛቀና ሐዲዱን እየተሸከመ ነው። ባቡሩም ሌሊት አይጓዝም ነበርና፣ መንገደኛው አንዱን ሌሊት በአዋሽ፣ ሁለተኛውን በድሬዳዋ አድሮ፣ በሦስተኛው ቀን የባሕሩ ሽታ ይቀበለው ነበር።

ደገኛው ሰው ወባና ሐሩር አለበት እያለ የሚሸሸውን ቆላ ለምን ሊሻ ቻለ? የስደትን ምክንያት የሚመረምር ሁሉ በዚህ ጥያቄ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባዋል፤ ሰው አገሩን የሚለቅበት ምክንያት አንድ ብቻ ሆኖ አያውቅምና። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከብቱን በደስታ በሽታ ያስጨረሰው፣ ብዙ ሕዝብ የፈጀው፣ አባቶቻችን ክፉ ቀን ያሉት ዘመን፣ በሬ የሌለውን ገበሬ ከርስቱ ነቅሎ በየመንገዱ በትኖት ነበር። ከዚያም ሌላ፣ በደጋው አገር ሰው ጕልበቱን የሚሰጠው ለጌታው ግብር፣ ለወንድሙ ደቦ፣ ለቤተ ክርስቲያኑም ስለ ነፍሱ ሲሆን፣ በባቡሩ ሥራ ግን ጕልበት በቀን ተቈጥሮ በጥሬ ብር ይከፈል ነበር። ይህ አዲስ ነገር ነው። በእጁ ብር የያዘ ወጣት ከአባቱ መሬት እስኪካፈል ሳይጠብቅ ጎጆ ሊወጣ፣ ከብት ሊገዛ፣ የተጣላውንም ባለርስት ሊሸሽ ይችላል። በእኔ አስተያየት ከረሃቡም ከጦርነቱም ይልቅ ሰውን ወደ ወደቡ ያወረደው ይህ በቀን የሚቈጠር ደመወዝ ነው፤ ረሃብ ሲያልፍ ሰው ወደ አገሩ ይመለሳል፣ የደመወዝን ጣዕም ያወቀ ግን ዳግመኛ ይወርዳልና።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ሌላ ዓይነት ስደት በዚያው ሐዲድ ላይ ወረደ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ ሰቦቻቸውና ከመኳንንቱ ጋር ከአዲስ አበባ ተነሥተው ጅቡቲ ደረሱ፤ ከዚያም በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ንጉሡም ጭነት ተሸካሚውም በአንድ ሐዲድ ተሰደዱ።

ይህ መንገደኛን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት በቋንቋችንም ውስጥ አለ፤ የግእዙ ሊቃውንት ነገደ የሚለውን ግስ ሲፈቱ፣ ተጓዘ፣ እንግዳ ሆነ፣ ሸቀጠም ይላሉ። እንግዳና ንግድ የምንላቸው ሁለቱ ቃሎቻችን ከዚህ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ የጥንቱ ሰው መንገደኛውን፣ ነጋዴውንና እንግዳውን ለይቶ አላያቸውም ማለት ነው። የዘመኑ መንግሥታት ያደረጉት ትልቅ ለውጥ ይህን አንድ ሰው ሦስት ቦታ መክፈላቸው ነው፤ ለነጋዴው የጉምሩክ ወረቀት፣ ለሠራተኛው የመኖሪያ ፈቃድ፣ ለስደተኛው መታወቂያ ሰጥተው፣ ከሦስቱ አንዱን ያልያዘውን ሕገ ወጥ አሉት።

በጅቡቲ ይህ ክፍፍል በሽቦ የተጻፈው በ1959 ዓ.ም. ነው። በነሐሴ 1958 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ጄኔራል ደ ጎል ከተማዪቱን ሲጎበኙ የነፃነት ጥያቄ ያነሡ ሰልፈኞች ተቀበሏቸው፤ ደምም ፈሰሰ። መንግሥቱም ሕዝቡ ከፈረንሳይ ጋር ይቆይ ወይስ ይለይ ብሎ ድምፅ እንዲሰጥ በመጋቢት 1959 ዓ.ም. ቀን ቈረጠ፤ ከዚያ ወዲህ ማን የአገሩ ተወላጅ ነው፣ ማንስ ከውጭ የመጣ ነው የሚለው ጥያቄ የእንጀራ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የድምፅ ጥያቄ ሆነ። በከተማዪቱ ዙሪያ ዐሥራ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ወታደር የሚጠብቀው እሾሃማ የሽቦ አጥር ተዘረጋ፤ ሕዝቡም በፈረንሳይኛው ባራጅ አለው። ከፍተሻው በር ላይ ወረቀት የሌለው ሰው ይመለስ ነበር፤ በሌሊት ሾልኮ ለማለፍ ሲሞክር የሞተም አለ። ወደ ከተማ መግባት የተከለከለው ሕዝብ ግን ወደ መጣበት አልተመለሰም፤ ከአጥሩ ውጭ በእንጨት፣ በቆርቆሮና በጆንያ ጎጆ ቀልሶ ባልባላ የተባለውን ሰፈር መሠረተ። ባልባላም ከዚያ ወዲህ ከዋናው ከተማ የማይተናነስ ሕዝብ የሚኖርበት ታላቅ ሰፈር ሆነ። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር የሚገርመኝ፣ አጥሩ የሥራውን ፍላጎት ሳያጠፋ ሠራተኛውን ብቻ ለማስቀረት መሞከሩ ነው፤ ወደቡ ጫኝና አውራጅ፣ ቤቱ አገልጋይ መሻቱን አላቆመም ነበርና፣ ሽቦው ሰውን ከማስቀረት ይልቅ የሰውን ዋጋ አረከሰ።

ጅቡቲ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነፃ ወጣች። ወዲያውም በኢትዮጵያና በሶማልያ መካከል የኦጋዴን ጦርነት ተነሣ፣ የባቡሩ መንገድ ተቈረጠ፣ ከጦርነቱ የሸሸው አርብቶ አደርና ከቀይ ሽብር ያመለጠው የከተማ ተማሪ በአንድነት በዚህች ትንሽ ሪፐብሊክ ላይ ወረዱ። በዓሊ ሳቢህና በዲኪል አካባቢ ድንኳን ተተከለ። በዚያ ጊዜ ነው ስደተኛ የሚለው ቃል የዓለም አቀፍ ሕግ ትርጕም ይዞ በመንደሩ ሰው ጆሮ የደረሰው፤ በ1976 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን አማካይነት ወደ ኢትዮጵያ የመመለሱ ሥራ ሲጀመር፣ ፈቅዶ የሚመለስና ተገፍቶ የሚመለስ የሚለው ክርክርም አብሮ ተነሣ።

ከ1990 ዓ.ም. በኋላ፣ ኢትዮጵያ በኤርትራ ጦርነት ምክንያት አሰብን ስታጣ፣ የአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ ከሞላ ጎደል በጅቡቲ በኩል ማለፍ ጀመረ። ከባድ መኪና የሚነዱ ሹፌሮች በድንበሩ በጋላፊ ኬላ ቀንና ሌሊት ተሰለፉ፤ ከእነርሱም ጋር ምግብ የምታበስለዋ፣ ቡና የምታፈላዋ፣ በጅቡቲ ቤቶች ልብስ የምታጥበዋና ልጅ የምታሳድገዋ ኢትዮጵያዊት ወረደች። ስለዚህች ሴት ከወንዱ ይልቅ ጥቂት ተጽፏል፤ ሥራዋ በግቢ አጥር ውስጥ ስለ ሆነ ለቆጣሪም ለሕግም አይታይም፤ ደመወዟ በአሠሪዋ ቃል ብቻ የታሰረ ነው፣ ወረቀትም ስለሌላት ያልተከፈላትን ለመጠየቅ ወደ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ራሷን ማስያዝ ይሆንባታል። ሕግ ያላወቀው ሠራተኛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጣው የመክሰስ መብቱን ነው።

በ1995 ዓ.ም. የጅቡቲ መንግሥት ወረቀት የሌላቸው የውጭ አገር ሰዎች በቀን ገደብ አገሩን እንዲለቁ አዘዘ። የሥራ ማጣትን፣ የጸጥታን፣ የውኃና የሕክምና እጥረትን ምክንያት አድርጎ ነበር፤ ቀኑም ከተራዘመ በኋላ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያንና ሶማሊዎች የሆኑ ብዙ ዐሥር ሺሕ ሰዎች በባቡርና በመኪና ወጡ። የመንግሥቱን ጭንቀት መናቅ አይገባም፤ ዝናብ እምብዛም የማይዘንብባት ትንሽ አገር ለመጣው ሕዝብ ሁሉ ውኃ ማቅረብ አትችልም። ነገር ግን አሠሪውን ሳይጠይቁ ሠራተኛውን ብቻ ማባረር በሽታውን ትቶ ሕመምተኛውን ማባረር ነው ብዬ አምናለሁ።

በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. የአምቡሊ ወንዝ በሌሊት ሞላ። አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ የኖረው መውረጃ በአንድ ዝናብ ተነሥቶ፣ በአሸዋው ላይና በዳርቻው ጎጆ የቀለሱትን ቤተ ሰቦች ጠረገ፤ ከ50 ያላነሱ ሰዎች ሞቱ። ከወንዝ መሬት ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ሌላ መሬት የሌለው ሰው ነውና፣ ጎርፉ የድኻውን ሰፈር መርጦ የመታ ቢመስል የሚያስደንቅ አይደለም።

የዛሬው መጻተኛ ጅቡቲን መሻገሪያ እንጂ መኖሪያ አያደርጋትም። ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከአሩሲና ከሐረርጌ የተነሣው ወጣት በጋላፊ በኩል ወይም በደላላ መሪነት በዱር ገብቶ፣ የአሳልን የጨው ሐይቅ አልፎ፣ በታጁራ በኩል በእግሩ ወደ ኦቦክ ይሄዳል፤ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመንም ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ። ላጋርድ የተዋት ኦቦክ እንደ ገና የሰው መሰብሰቢያ ሆነች፤ በ2003 ዓ.ም. ለእነዚህ መንገደኞች የእርዳታ ማዕከል ተከፈተባት። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ወደ ዓረብ አገር የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አገደ፤ ከኅዳር ወዲህም ሳዑዲ ዓረቢያ ከመቶ ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች፤ መንግሥቱ ቆይቶ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሠራተኛው የስምንተኛ ክፍል ትምህርትንና የሙያ ብቃት ማረጋገጫን፣ ለኤጀንሲው ዋስትናን፣ ለተቀባዩ አገር ደግሞ የሁለትዮሽ ስምምነትን ግዴታ አድርጎ ሕጋዊውን መንገድ ለመክፈት ሞከረ። አዋጁ በጎ አሳብ አለው። ስምንተኛ ክፍል ያልደረሰው የገጠር ልጅ ግን አዋጁ በተነበበበት ቀን መንገዱን በእግሩ ጀምሮት ነበር፤ ይህ የትምህርት ግዴታም በኋላ እንዲነሣ የተደረገው ስለዚሁ ነው ብዬ አስባለሁ።

በጥር 2009 ዓ.ም. ከሰበታ የሚነሣው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከአምቡሊ ወዲያ ባለው በናጋድ ጣቢያ ተመረቀ። ስፍራው ለአማርኛ ጆሮ ነገደን የሚያስታውስ ስም አለው። በዚያው በናጋድ ፖሊስ ወረቀት የሌላቸውን የውጭ ሰዎች የሚያቆይበት ግቢ አለ። በጣቢያው መድረክ ላይ ትኬት የያዘው መንገደኛ ዕቃውን ይዞ ይወርዳል፤ ከግቢው አጥር በስተጀርባም ስሙ እየተጻፈ፣ ውኃ እየተሰጠው፣ ወደ ድንበሩ የሚወስደውን መኪና የሚጠብቅ ሌላ መንገደኛ ተቀምጧል።