ከሙዚቃው በኋላ የቀረው ድምፅ



ታሪክ ጸሐፊ ስለ ነገሥታት ሲጽፍ ዜና መዋዕል አለው፤ ስለ ጦርነት ሲጽፍም ደብዳቤና ውል አለው። ስለ አንድ ምሽት ሙዚቃ ሲጽፍ ግን በምን ይመራል? ዘፋኙ ዘፍኖ፥ ሕዝቡም አጨብጭቦ ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ የሚቀረው የሰሚው ትዝታ ብቻ ነው፤ ትዝታም ሲውል ሲያድር እየደበዘዘ ይሄዳል። በአሜሪካ አገር የአንድ ሙዚቃ ጓድ ወዳጆች ግን ይህን በጄ ብለው አልተቀበሉም። በዛሬው ንግግራችን እነዚህ ሰዎች ስለ ደከሙበትና ስላተረፉት ነገር ጥቂት እንነግራችኋለን።

ጓዱ ግሬትፉል ዴድ ይባላል። በካሊፎርኒያ፥ በፓሎ አልቶ ከተማ በ1965 ሲቋቋም ስሙ ሌላ ነበር። (በዚህ ንግግር የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳስባለን።) በዚያው ዓመት መጨረሻ ጊታር መቺው ጄሪ ጋርሲያ መዝገበ ቃላት ሲገልጥ ዐይኑ ያረፈበትን ስም ለጓዱ አወጣለት፤ ትርጓሜውም «ውለታ የማይረሳ ሙት» እንደ ማለት ነው። ስሙ ለጆሮ ቢያስደነግጥም የመጣው ከጥንታዊ ተረት ነው። አንድ መንገደኛ በዕዳው ምክንያት ሳይቀበር የቀረ ሬሳ አግኝቶ፥ ዕዳውን ከፍሎ ያስቀብረዋል፤ በኋላም የሟቹ መንፈስ ተገልጦ መንገደኛውን ከመከራ ያወጣዋል። የተረት ሊቃውንት ይህን ነገር ከመጽሐፈ ጦቢት ጋራ ያዛምዱታል። ጦቢትም ወድቀው የተገኙትን ሙታን በሥውር ይቀብር ስለ ነበር፥ አንባቢዎቻችን ዝምድናውን ሳይነገራቸው ያገኙታል።

ጓዱ ከ1965 እስከ 1995 ድረስ 2,300 ያህል ጊዜ በሕዝብ ፊት ተጫውቷል። ቍጥሩ ብቻ አያስደንቅም፤ የሚያስደንቀው አንዱ ምሽት ሁለተኛውን አለመምሰሉ ነው። ሌሎች ጓዶች በሸክላ ያሳተሙትን ዘፈን ሕዝቡ እንደሚያውቀው አድርገው ሲደግሙ፥ እነዚህ ግን የምሽቱን ዘፈኖች ዝርዝር ሳይወስኑ ይወጡ ነበር፤ ዘፈኑንም ጀምረው ወዴት እንደሚያደርሱት እዚያው ሲጫወቱ ይፈልጉት ነበር። ዳርክ ስታር የሚባለው ዘፈናቸው በ1968 በትንሽ ሸክላ ሲወጣ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም ነበር። ይኸው ዘፈን በ1969 ላይቭ ዴድ በተባለው ሸክላ ላይ ከ23 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። አንዳንድ ምሽት ይህ ፍለጋ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ እውነቱን ለመናገር የሚያሰለቹ ምሽቶች ጥቂት አልነበሩም። በቀናው ጊዜ ግን የተገኘው ነገር ዳግመኛ አይገኝምና፥ ያልተቀዳው ምሽት ለዘለዓለም ጠፍቶ ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህም ወዳጆቹ መቅዳት ጀመሩ። በመጀመሪያው ዘመን መቅዳት በግልጽ የተፈቀደ ስላልነበረ፥ መሣሪያውን በካፖርት ውስጥ ሸሽገው የሚገቡ ነበሩ። በ1974 ኒው ዮርክ ላይ ዴድ ሬሊክስ የተባለ የቀጂዎች መጽሔት መታተም ሲጀምር ነገሩ የጥቂት ሰዎች ምሥጢር መሆኑ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ቀጂው ከጓዱ የድምፅ ሠራተኞች ፊት እየቆመ ረጃጅም የማይክሮፎን ዘንጎችን ስለ ተከለ፥ ሠራተኞቹ መድረኩን ማየት ተሳናቸው። በዚህ ጊዜ ሌላ ድርጅት ቢሆን ዘበኛ ጨምሮ ሁሉንም ባባረረ ነበር። እነርሱ ግን በጥቅምት ወር 1984 በበርክሊ ከተማ፥ ከድምፅ መቈጣጠሪያው ጠረጴዛ በስተኋላ ለቀጂዎች የተለየ ቦታ መደቡ፤ ለዚያም ቦታ ራሱን የቻለ ቲኬት ሸጡ። ጋርሲያም ሙዚቃውን ተጫውተን ከጨረስን በኋላ ሰሚው ይውሰደው የሚል አሳብ ነበረው።

እዚህ ላይ ልብ ልትሉት የሚገባ አንድ ሕግ አለ። ማንም አልጻፈውም፤ ሆኖም ከብዙ የተጻፉ ሕጎች ይልቅ ተከብሮ ኖሯል። ይኸውም ቅጂ በገንዘብ አይሸጥም የሚል ነው። ቅጂ የሌለው ሰው ባዶ ካሴትና የመመለሻውን ቴምብር ባለ ቅጂ ለሆነው ሰው በፖስታ ይልካል፤ ያም ቀድቶ ይመልስለታል፤ የተቀበለውም በተራው ለሌላው እንዲሁ ያደርጋል። ፊቱን አይቶት ለማያውቀው ሰው እስከ ሌሊት ድረስ ተቀምጦ የሚቀዳው ሰው ምን ያተርፍ ነበር ትሉ ይሆናል። ነገ እርሱም በተራው የሌላውን ደጅ ይጠናልና፥ ትርፉ ይህ ነበር።

ካሴት ግን ጠባይ አለው። የተለመደው የ90 ደቂቃ ካሴት በአንድ ፊቱ 45 ደቂቃ ብቻ ይይዛልና፥ ዘፈኑ በጋለበት ሰዓት ቀጂው ካሴቱን ሲገለብጥ አንድ ክፍል ይቈረጣል። ከዚህም የከፋው የቅጂ ቅጂ ነው። በእኛ አገር ብራና የሚገለብጥ ጸሐፊ የቀደመውን ጸሐፊ ስሕተት ወርሶ የራሱን እንደሚጨምርበት፥ ካሴትም ከካሴት ሲቀዳ በእያንዳንዱ ትውልድ የሹክሹክታ ድምፅ ይጨምርበታል። ስለዚህ «ስንተኛ ትውልድ ነው?» ማለት የቀጂዎች የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር። በመዝገብ ቤት የምትሠሩ አንባቢዎቻችንን ደስ የሚያሰኝም ነገር አለ፤ በ1987 ዴድቤዝ የተባለ መጽሐፍ ታትሞ፥ በየትኛው ቀን፥ በየትኛው አዳራሽ፥ የትኛው ዘፈን በየትኛው ተራ እንደ ተጫወተ በዝርዝር አወጣ። ለዚህ ሥራ ያዘዛቸውም ደመወዝ የከፈላቸውም አልነበረም።

እኛ የሬዲዮ ሰዎች ንጹሕ ድምፅ እንወዳለን፤ ሙያችን ነውና። ነገር ግን በሕዝቡ መካከል ቆሞ የተቀዳውን ቅጂ የሰማ ሰው በቀጥታ ከመቈጣጠሪያው ከተቀዳው ውስጥ አንድ ነገር እንደ ጐደለ ያስተውላል። በመጀመሪያው ውስጥ የአዳራሹ ስፋት አለ፤ ዘፈኑ በሁለት ኖታ ሲታወቅ የሚነሣው የሕዝብ ጩኸት አለ። ለታሪክ ጸሐፊ ይህ ጩኸት ራሱ ምስክር ነው።

የሆነ ሆኖ እጅግ የታወቀው ቅጂ የተገኘው ከመቈጣጠሪያው ነው። በግንቦት 8 ቀን 1977 ጓዱ በኒው ዮርክ ግዛት፥ በኢታካ ከተማ በሚገኘው በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በባርተን አዳራሽ ተጫወተ። አዳራሹ ለወታደር መልመጃ የተሠራ ሰፊ ቤት ነው፤ ወሩ የጸደይ ወር ሳለ በዚያ ምሽት በረዶ ጣለ። የጓዱ የድምፅ ባለሙያ ቤቲ ካንተር ጃክሰን የምትባል ሴት ምሽቱን በትልቅ ቴፕ ቀዳችው። በሴት የተያዘ የድምፅ ጠረጴዛ በዚያ ሙያ ብርቅ በነበረበት ዘመን የእርስዋ ጆሮ የታመነ ነበር። ኋላ ከጓዱ ስትለይ ቴፖቿን በኪራይ መጋዘን አኖረቻቸው፤ የመጋዘኑን ኪራይ መክፈል ስላልቻለችም በ1986 በሐራጅ ተሸጡ። በመቶ የሚቈጠሩ ቴፖች ከቤት ዕቃ ጋራ ለማያውቃቸው ሰው ሄዱ ማለት ነው። ከፊላቸውን እርጥበትና ሻጋታ ነካቸው። የዳኑትም የዳኑት እነዚያው ወዳጆች ከገዥዎቹ ለምነው እየጠገኑ ስለ ቀዷቸውና በካሴት ስላዳረሷቸው ነው። ባለቤቱ የጣለውን ሰሚው አነሣው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ጓዱ ራሱም ይህን ሳያውቅ አልቀረም። የግምጃ ቤቱ ጠባቂ አድርጎ የሾመው ዲክ ላትቫላን ነበር፤ እርሱም በፊት ከቅጂ ሰብሳቢዎች አንዱ ነበር። ከ1993 ጀምሮ በእርሱ ምርጫ የቈዩ ምሽቶች በተከታታይ ይታተሙ ጀመር። እርሱ በ1999 ቢሞትም ሥራው ቀጥሎ እስከ 36ኛው ክፍል ደርሷል።

ጋርሲያ በነሐሴ 9 ቀን 1995 ሲሞት ጓዱ ፈረሰ። ቅጂዎቹም ከካሴት ወጥተው በኢንተርኔት አርካይቭ ለማንም በነጻ ይታደሉ ጀመር። በኅዳር ወር 2005 ግን ቅጂዎቹን ከዚያ መውሰድ ተከለከለ። ወዳጆቹ እጅግ ተቈጡ፤ የፊርማ አቤቱታም አቀረቡ፤ ከጓዱ አባሎች ባስ ጊታር መቺው ፊል ሌሽ ራሱ አሳቡ ከሕዝቡ ጋራ መሆኑን ገለጸ። በጥቂት ቀን ውስጥ ነገሩ በስምምነት ተፈጸመ፤ በሕዝብ መካከል የተቀዳው እንደ ፊተኛው በነጻ እንዲወሰድ፥ ከመቈጣጠሪያው የተቀዳው ግን እዚያው እንዲደመጥ ብቻ ተፈቀደ። በእኛ በኩል ሁለቱም ወገን ምክንያት ነበረው እንላለን፤ ዳሩ ግን ሠላሳ ዓመት የተሰጠን ነገር በአንድ ሌሊት መንሣት የማይጠበቅ ሥራ ነበር።

በ2012 የአሜሪካ የምክር ቤት መጻሕፍት ቤት የባርተን አዳራሹን ቅጂ ለአገሪቱ ታሪክ ተጠብቀው እንዲኖሩ ከተመረጡት ድምፆች መዝገብ አገባው። ቴፖቹም ወደ ጓዱ ግምጃ ቤት ተመልሰው በግንቦት ወር 2017፥ ልክ በ40 ዓመቱ፥ ምሽቱ በሙሉ ታተመ። ሠላሳ ዓመት ያህል በካሴት የሰሙት ወዳጆች አዲሱን ገዝተው ከአሮጌው ጋራ አስተያዩት። ከእነርሱም መካከል ይህ ምሽት ከሁሉ ይበልጣል የሚሉ አሉ፤ የለም፥ ከዚያው ወር ሌላ ምሽት ይሻላል የሚሉም አሉ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቈረጠም።