የጫማ ዳሳሽና የሩጫ ሰዓት
ፕላስቲክና ኤሌክትሮኒክስ፤ 2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.)

በጫማ ክር ላይ የሚታሰረው ይህ ትንሽ መሣሪያ ሳተላይት አያስፈልገውም፤ ጣሪያ ሥር፣ በመሮጫ ማሽን ላይ ሳይቀር ይሠራል። ውስጡ ያለው የፍጥንጥነት መለኪያ የእግርን እንቅስቃሴ ተከታትሎ ፍጥነቱን ያሰላል፤ ውጤቱንም በሬዲዮ ሞገድ ለእጅ ሰዓቱ ይልካል። ሰዓቱ የሚያሳየው አንድ ኪሎ ሜትር በስንት ደቂቃ እንደሚሮጥ ነው። «4፡00» ካለ፣ ሯጩ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። ቁጥሩ እንዳይዋዥቅ የጥቂት ሰከንዶች አማካይ ስለሚወሰድ፣ ድንገት ያፈተለከ ሯጭ ለውጡን የሚያየው ትንሽ ዘግይቶ ነው። አረጋገጡ ከሰው ሰው ስለሚለያይም፣ በ400 ሜትር መም የውስጠኛው መስመር ላይ ሮጦ መሣሪያውን ማስተካከል እጅግ ይጠቅማል። ከቴክኖሎጂው ቀዳሚዎች አንዱን፣ የካናዳውን ዳይናስትሪም ኩባንያ፣ ጋርሚን የተባለው ኩባንያ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ገዝቶታል።