ራሰ በራና ዘነበወርቅ

ሊቀ ነቢያት ሙሴ በኦሪት ዘሌዋውያን በ13ኛው ምዕራፍ ሕገ ለምጽን ሲሠራ፥ ካህኑ የቆዳውን ቍስልና የጠጉሩን መንጣት እየለየ እንዴት እንደሚመረምር በዝርዝር ከደነገገ በኋላ፥ ጠጉሩ ከዐናቱም ሆነ ከግንባሩ ያለቀበት ሰው ራሰ በራ ይባላል እንጂ ርኩስ እንደማይባል፥ ነገር ግን በበራው ላይ ወደ ቅላት የሚያደላ ነጭ ቍስል የወጣበት እንደ ሆነ ካህኑ ቀርቦ እንዲያየው አዝዟል። በዚህ ድንጋጌ የሚያስደንቀው ነገር፥ ጠጉሩ ያለቀበት ሰውና በደዌ የተያዘው ሰው በአንድ ዐይን ታይተው አንድ ፍርድ እንዳይፈረድባቸው አስቀድሞ መጠንቀቁ ነው። እኔም የራሰ በራን ነገር ለመጻፍ ሳስብ ኮልፌ ቀራንዮን የመረጥሁት፥ በዚህ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ከአየር ጤና ብዙ ሳይርቅ ሕዝቡ ዘነበወርቅ እያለ በሚጠራው ሰፈር፥ ያ የካህኑ ምርመራ በሐኪም እጅ 90 ዓመት ያህል ሲካሄድ የኖረ በመሆኑ ነው።

በቀድሞው ዘመን በሀገራችን ጠጉር የሰውን ማዕርግና ኑሮ የሚናገር ምልክት ነበረ። ወንዱ ሕፃን ዙሪያውን ተላጭቶ ቁንጮ ይተውለታል፤ ልጃገረዲቱ ዐናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ጋሜ ታሳድጋለች፤ ጦረኛው ጠጉሩን ሹሩባ ይሠራል፥ ወይም ያጎፍርና ለጋ ቅቤ ይቀባዋል፤ ዓለምን ንቆ ወደ ገዳም የገባው ተላጭቶ ቆብ ይደፋል፤ ዘመድ የሞተበትም ተላጭቶ ማቅ ለብሶ ለቅሶ ይቀመጣል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን በሠዉ ጊዜ፥ የእንግሊዝ ወታደሮች ከዘረፉት ከዘውዱና ከታቦቱ፥ ከብራናውም ሁሉ ጋራ የንጉሡን ጠጉር ቈርጠው መውሰዳቸው፥ ከዚያም ከ150 ዓመት በኋላ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. በለንደን የጦር ሠራዊት ሙዚየም የነበሩት ሁለት ጕንጕን ጠጉሮች ለኢትዮጵያ መመለሳቸው፥ ድል አድራጊውም ሆነ ባለ ሀገሩ ይህን ምልክት እንዴት እንደሚመለከተው ያስረዳል። በጠላት ወረራ ዘመንም አርበኞቻችን በዱር በገደል ሲዋደቁ ያሳደጉት ጎፈሬ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ የድል በዓል ሲከበር ከሽማግሎቹ ራስ ላይ ይታይ ነበረ፤ ከተፈጥሮ ያላገኘውም ከአንበሳ ጎፈር ተሠርቶለት ይደፋ ነበር።

እንዲህ ጠጉር በተከበረበት ሀገር ጠጉሩ የከዳው ሰው እንዴት ይኖር ነበር ቢባል፥ መልሱ ቀላል ነው፤ ራሱን ይሸፍን ነበር። ካህኑ ጥምጣም፥ መነኩሴው ቆብ፥ እስላሙ ኮፊያ፥ መኳንንቱ ሻሽና ባርኔጣ ነበራቸውና፥ ጕልምስና ላይ የደረሰ ሰው ራሱን ገልጦ የሚታይበት ጊዜ ጥቂት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ፎቶግራፍ በተነሡ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ነጭ ሻሽ በግንባራቸው አስረው በላዩ ሰፊ ባርኔጣ ደፍተው እናያቸዋለን፤ ከሻሹ በታች ያለውን የሚጠይቅ አልነበረም። በኔ ግምት ራሰ በራነት በከተሞቻችን ጭንቀት ሆኖ የተነሣው ጠጉር ካለቀበት ጊዜ ይልቅ ባርኔጣ ከቀረበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ወጣቱ ራሱን ገልጦ ወደ መሥሪያ ቤት፥ ወደ ሠርግና ወደ ፎቶግራፍ ቤት መሄድ ሲጀምር፥ ቀድሞ የቤተ ሰብ ምሥጢር የነበረው በራ የአደባባይ ወሬ ሆነ።

መዘባበቱ ግን አዲስ አይደለም። በመጽሐፈ ነገሥት እንደ ተጻፈው የቤቴል ልጆች ነቢዩ ኤልሳዕን በራሰ በራነቱ በሰደቡት ጊዜ ሁለት ድቦች ከዱር ወጥተው 42ቱን ሰባበሯቸው፤ የጳውሎስንና የቴክላን ነገር የሚተርከው ጥንታዊ መጽሐፍም ሐዋርያውን ቁመቱ አጭር፥ ራሱ በራ አድርጎ ይገልጠዋል። ከነዚህ ሁለት ቅዱሳን ጋራ መቈጠር ላያሳፍር ይችል ነበር። ይሁን እንጂ ሕዝቡ የሚፈራው በራውን ብቻ አልነበረም። ጠጉርን በየቦታው የሚያረግፈውን ላሽ፥ የሕፃናቱን ራስ የሚያቈስለውን ቈረቈር፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥጋ ደዌን ይፈራ ነበረና፥ ጠጉሩ የረገፈበት ሰው «ምን ያዘው?» መባሉ አይቀርም። ለዚህ ሁሉ አንዱ ሬት ይቀባል፥ ሌላው ጥቁር አዝሙድ ይወቅጣል፥ ሌላው በእንዶድ ይታጠባል፥ ሌላውም ወደ እንጦጦ ጸበል ይወጣል፤ መድኃኒቱ ብዙ ሲሆን የደዌው ዓይነት ግን ሳይለይ ይቀራል።

እንግዲህ የዘነበወርቅ ታሪክ የሚገባው በዚህ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ዘነበ ወርቅ በወጣትነታቸው ካረፉ በኋላ፥ በስማቸው የተሰየመው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል በ1926 ዓ.ም. ግድም በዚያን ጊዜ ከከተማው ወጣ ባለው በዚህ ምድር ላይ ተቋቋመ። ቦታው ከከተማ ራቅ ማለቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በዚያ ዘመን በዓለሙ ሁሉ ሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ከጤነኛው ይለይ ነበርና፥ በእኛም ሀገር ከዚያ በፊት በሐረር የካፑቺን ሚስዮናውያን ተመሳሳይ ማረፊያ አቋቁመው ነበር። ሕሙማኑ ከየጠቅላይ ግዛቱ በእግርና በበቅሎ እየመጡ፥ ከታከሙም በኋላ ወደ መጡበት ለመመለስ የሰው ፊት ስለሚያስፈራቸው፥ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው፥ ተጋብተው፥ ልጅ ወልደው ሰፈር መሠረቱ። ከተማው ኋላ ገሥግሦ መጥቶ ዋጣቸው። ዛሬ ታክሲ ረዳቱ «ዘነበወርቅ! አለርት!» እያለ ሲጣራ፥ አንዱ የልዕልት፥ ሁለተኛው የማሠልጠኛ ተቋም ስም መሆኑን አስቦ የሚሳፈር ጥቂት ነው።

አለርት የተባለው የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ማገገሚያ ማዕከል በዚሁ ግቢ በ1958 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ የስዊድንና የኖርዌይ የሕፃናት አድን ድርጅቶች በረዱት ገንዘብ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በአጠገቡ ተቋቋመ። ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኘው የኖርዌይ ሐኪም ነው። በእርሱ ግኝት ደዌው ርግማንም የዘር ኀጢአትም አለመሆኑ ታወቀ፤ ይሁን እንጂ ዕውቀቱ ከላቦራቶሪ ወጥቶ እስከ ጎረቤት ቡና ድረስ ለመድረስ ምን ያህል ዘመን እንደሚፈጅበት የዘነበወርቅ ሰፈር ሰዎች ከማንም ይልቅ ያውቁታል።

ለኔ ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ አንድ ትንሽ የሕክምና ነገር ነው። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ቀዝቀዝ ያለውን የሰውነት ክፍል ይወዳል፤ ስለዚህ ጆሮን፥ አፍንጫን፥ እጅንና እግርን ሲጎዳ፥ ጠጉርንም የሚያረግፈው ከቅንድብ፥ በተለይም ከቅንድቡ የውጭ ጫፍ ጀምሮ ነው፤ ሙቀት የማይለየውን የራስ ቅል ጠጉር ግን ብዙውን ጊዜ አይነካውም። ራሰ በራነት ደግሞ በተቃራኒው ግንባሩንና ዐናቱን ገልጦ ቅንድቡን እንዳለ ይተወዋል። ስለዚህ ራሱ በራ፥ ቅንድቡ ሙሉ የሆነ ሰው ስለ በራው ብቻ ሥጋ ደዌ ይዞታል ተብሎ በተጠረጠረ ጊዜ ሁሉ፥ ጥርጣሬው ገና ከፊቱ ላይ ሊፈርስ የሚችል ነበር። ቅንድቡን ቀርቦ ያየለት አልነበረም እንጂ።

የሥጋ ደዌ ሕሙማን ቍጥር በመድኃኒት ኃይል እያነሰ ሲሄድ አለርት የሀገሪቱ ዋነኛ የቆዳ ሕክምና ማዕከል ሆነ፤ የቆዳ ሐኪሞችም ይሠለጥኑበታል። በደጁ የሚሰለፈውም ሰው ዓይነቱ ተለወጠ። ፊቷ ማድያት ያወጣባት ወይዘሮ፥ ልጇ ቈረቈር የያዘው እናት፥ እከክ ያስቸገረው አዛውንት በተቀመጡበት አግዳሚ ላይ፥ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ የ25 ዓመት ጎልማሳም ተራውን ሲጠብቅ ይታያል። አያቱ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ደጅ ሲያልፉ አፍንጫቸውን ይይዙ ነበር፤ እርሱ ግን በገዛ እግሩ መጥቶ ካርድ አውጥቷል። ሐኪሟ ኮፍያውን አስወልቃ በመጀመሪያ የምትጠይቀው የአባቱንና የአጎቶቹን ራስ ነው። ከዚያም ሃምሳ ስልሳ ጠጉር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዛ ከሥሩ ወደ ጫፉ በቀስታ ትስባለች፤ ብዙ ጠጉር ተነቅሎ ከመጣ ነገሩ ሌላ ደዌ ሊሆን ይችላልና ደም ታስመረምራለች፤ ብዙም ካልመጣና ማጕያ መነጽሩ ወፍራምና ስስ ጠጉር ተደባልቆ ካሳያት፥ ማጅራቱም ሙሉ ከሆነ፥ ከዘር የመጣ ራሰ በራነት መሆኑን ትነግረዋለች። ያን ጊዜ ከጎልማሳው አፍ የሚወጣው ጥያቄ «በሽታ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ነው፤ ሙሴ ለካህኑ ያቀረበለት ጥያቄም ይኸው ነበር።

ምክንያቱን በሚመለከት የጥንት ሰዎች ከእውነቱ አጠገብ ደርሰው ነበር። የግሪክ ሐኪሞችና አርስጣጣሊስ ጃንደረባ ራሰ በራ እንደማይሆን ጽፈዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1942 ጀምስ ሐሚልተን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በተሰለቡ ሰዎች ላይ ባደረገው ጥናት የወንድ ሆርሞንና ውርስ ባንድነት ካልተገኙ ይህ በራ እንደማይመጣ አስረዳ። ሆርሞኑ በሰውነት ውስጥ ዳይሃይድሮቴስቶስቴሮን ወደሚባለው ተለውጦ፥ በውርስ የተዘጋጀውን የጠጉር ሥር ከዓመት ወደ ዓመት ያሳንሰዋል። ደም አልሄድ ብሎ ነው፥ ኮፍያ አፍኖት ነው፥ ቅቤ ጎድሎት ነው የሚለው ሁሉ ከዚህ ጋራ አይገናኝም።

መድኃኒቱን በተመለከተ የፈርዖናውያን ሐኪሞች በኤበርስ ፓፒረስ ላይ የአንበሳን፥ የጉማሬን፥ የአዞንና የእባብን ስብ ቀላቅሎ መቀባትን አዝዘዋል፤ ዛሬ በየሱቁ «ጠጉር የሚያበቅል ቅባት» እየተባለ ከሚሸጠው ብዙው ከዚያ በምን እንደሚሻል አላውቅም፥ አዞው ቢያንስ ብርቅ ነበር። በምርምር የተረጋገጡት ጥቂት ናቸው። ሚኖክሲዲል በመጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ሆኖ ሲሰጥ በሕሙማኑ ላይ ጠጉር በማብቀሉ እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ለራስ የሚቀባ ሆኖ ተፈቀደ፤ መጀመሪያ ላይ ጠጉር ሲያረግፍ ብዙዎች ደንግጠው ይተውታል፥ የጠቀመውም ሰው ካቋረጠ ያበቀለውን ያጣል። ፊናስቴራይድ የተባለው ክኒን እ.ኤ.አ. በ1997 ለዚሁ ጕዳይ ተፈቀደ፤ ዳይሃይድሮቴስቶስቴሮኑን ስለሚቀንስ ያለውን ጠጉር በማቆየት ይመሰገናል፥ ነገር ግን በጥቂት ሰዎች ላይ የሩካቤን ፍላጎት ሊቀንስ ስለሚችል ያለ ሐኪም ምክር ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ አይገባም።

ሦስተኛው መንገድ ንቅለ ጠጉር ነው። ኖርማን ኦረንትራይክ የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጽሑፍ፥ ከማጅራት የተነሣ ጠጉር ወደ በራው ቢዛወርም የመጣበትን ጠባይ ይዞ እንደሚኖር አሳየ። የዚህ ሕክምና ምሥጢርም ወሰኑም በዚሁ ውስጥ ነው፤ አዲስ ጠጉር አይፈጠርም፥ ከማጅራት የሚወሰደውም የሚያልቅ ሀብት ነው። ወደ ኢስታንቡል የሚሄዱት ወገኖቻችን ሊጠይቁት የሚገባም አንድ ነገር አለ፤ የኛ ጠጉር የሚጠቀለለው ከቆዳው በላይ ብቻ ሳይሆን ሥሩም ከቆዳው በታች የታጠፈ ነውና፥ ቀጥ ባለ ጠጉር የለመደ ሐኪም ሥሩን ቈርጦ ሊያበላሸው ይችላል፤ ኬሎይድ የሚባለው ያበጠ ጠባሳ በቀላሉ የሚወጣበት ሰውም ከቢላዋው በፊት ይህን መናገር አለበት። በ22 ዓመቱ ግንባሩን ወደ ታች አስወርዶ ያስተከለ ልጅም፥ ከኋላው ያለው ጠጉር ለዓመታት መርገፉን ሲቀጥል፥ የተተከለው ለብቻው ቀርቶ ዐናቱ ባዶ ሊሆንበት ይችላል።

አብዛኛው የኮልፌ ጎልማሳ ግን ከነዚህ ሁሉ በፊት የሚሄደው ወደ ጠጉር ቤት ነው። ከአጠና ተራ እስከ ዓለም ባንክ መንገዱን ተከትለው ከተሠሩት ጠጉር ቤቶች በአንዱ ገብቶ «ዜሮ አርገው» ይላል፤ ቀድሞ የለቅሶና የምንኵስና ምልክት የነበረው መላጨት ዛሬ የራሰ በራው ረዳት ሆኗል፥ ለኔም ከተባሉት መላዎች ሁሉ ዋጋው የቀለለው እርሱ ይመስለኛል። አስተካካዩ ጋሽዬ ወይም ወንድሜ እያለ፥ ቶንዶሱን አልኮል ረጭቶ በክብሪት ያነድደዋል፥ ነበልባሉም እስኪጠፋ ድረስ ይጠብቃል። ይህን የማያደርግ ጠጉር ቤት የገባ ሰው ቈረቈር ይዞ ወጥቶ በሚቀጥለው ሳምንት የአለርትን አግዳሚ ሊያሞቅ ይችላልና፥ ደንበኛው ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት እሳቱን ማየት አለበት።