ልጄ የገባችበት በር

ብዙዎቻችሁ «ልጅቷ እንዴት ሆነች?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኛል። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። የታሪክ መምህር ነገር ሆኖ ወሬው ወደ ታሪክ ማምራቱ አይቀርም፣ ቻሉኝ።

እንደምታውቁት ልጄ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ገብታለች። ከቺካጎ በስተሰሜን፣ ሚሺጋን ሐይቅ ዳር፣ ግሬት ሌክስ የሚባል ጣቢያ አለ። ከ1911 ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) መርከበኛ ሲያሠለጥን የኖረ ነው። ዛሬ ተራ መርከበኛ ሆኖ የሚቀጠር ሁሉ ቡት ካምፕ የሚገባው እዚያ ብቻ ነው። ከሄደች ብዙም ሳትቆይ አንድ ካርቶን በፖስታ መጣልን። ስንከፍተው ከቤት ለብሳው የወጣችው ሱሪና ጫማ! ለካ የምልምሉን ልብስ ወደ ቤት መላክ ልማዳቸው ነው። እኛ አገር የልጅ ልብስ ብቻውን ወደ ቤት የሚመጣው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ። እናቷ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም ደብዳቤዋ እስኪደርስ እህል አልወረደልኝም።

ቡት ካምፑ አለፈ። አሁን ያለችው «ኤ ስኩል» በሚሉት የሙያ ትምህርት ቤት ነው። እኛ ወላጆች የምንጨነቀውም ፎቶ የምንለጥፈውም ለቡት ካምፑ ነው፤ ልጁ መርከብ ላይ ምን ሆኖ እንደሚኖር የሚወሰነው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ሕክምና የደረሰው ሳን አንቶኒዮ ይሄዳል፣ የአውሮፕላን ጥገና የደረሰው ፔንሳኮላ፣ ኑክሌር የደረሰው ቻርልስተን አካባቢ። የኔዋ የደረሳት «ገነርስ ሜት» ነው፦ ከሽጉጥ እስከ መርከብ መድፍ መፍታት፣ መጠገን፣ መተኮስ። ትምህርቱ እዚያው ግሬት ሌክስ ስለሆነ ሻንጣዋን ይዛ ግቢ ብቻ ነው የቀየረችው።

ታሪኩ እንግዲህ እዚህ ጋ ነው። በ1930ዎቹ አንድ ጥቁር ወጣት እዚህ ባሕር ኃይል ሲቀጠር የሚሰጠው ሥራ መኮንኖችን ማስተናገድ ነበር፤ ማዕድ ማቅረብ፣ አልጋ ማንጠፍ፣ ጫማ መጥረግ። የሙያ ትምህርት ቤቱ በር ዝግ ነው። ዶሪስ ሚለር የሚባለው የቴክሳስ ገበሬ ልጅ እንዲህ ነበር የገባው። ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ጃፓን ፐርል ሃርበርን ስትደበድብ፣ «ዌስት ቨርጂኒያ» መርከብ ላይ የሚታጠብ ልብስ እየሰበሰበ ነበር። መጀመሪያ የቆሰለውን አዛዥ ተሸከመ። ከዚያ ማንም አሠልጥኖት የማያውቀውን የፀረ አውሮፕላን መትረየስ ይዞ ተኮሰ። በሜይ 1942 ከባሕር ኃይሉ ከፍተኛ ሜዳልያዎች አንዱን፣ ኔቪ ክሮስን፣ ደረቱ ላይ አደረጉለት፤ ከጥቁሮች የመጀመሪያው ነው። ከዚያስ መድፈኛ አደረጉት? የለም፣ ወጥ ቤት መለሱት። በኖቬምበር 1943 ከ«ሊስኮም ቤይ» መርከብ ጋር ሲሰምጥ ምግብ አብሳይ ነበር።

በጁን 1942 ሌላውም ሙያ ለጥቁሮች ተከፈተ። ሥልጠናው ግሬት ሌክስ ውስጥ፣ ግን ለብቻ በተከለለ ካምፕ ነው። በ1944 መጀመሪያ ከመካከላቸው 16ቱ ለመኮንንነት ተመረጡ። ለነጮቹ ከሚሰጠው ጊዜ ግማሽ ያህሉ ብቻ ተሰጣቸው። ማታ መብራት ሲጠፋ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነው አጠኑ። ውጤታቸው ከመጠን በላይ ጥሩ ሆነና አለቆቹ አላመኑም፣ እንደገና ፈተኗቸው። እንደገና አለፉ። በመጨረሻ ማዕረግ ያገኙት 13 ናቸው። ዛሬ አዲስ ምልምል መጀመሪያ ሌሊት የሚገባበት ሕንፃ በስማቸው «ጎልደን ሠርቲን» ይባላል። ልጄም በዚያ በር ነው የገባችው፤ ስሙን እንኳ ቀና ብላ አላየችም፣ በጩኸት ነው የሚያስገቧቸው።

ባለፈው ሳምንት ማታ ደወለች። ፈተና ወድቃለች። ከደገመችው ሙያውን ነጥቀው እንዲሁ መርከብ ላይ ሊመድቧት ይችላሉ። «አባዬ፣ ቀለም ስፍቅ ልኖር ነው» አለችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ውስጤ ደስ ብሎት ነበር። ከመድፉ ትራቅልኝ እንጂ ቀለምማ ትፋቅ! አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሚለር ትዝ አለኝ። እሱን ከመሣሪያ አርቀውት ነበር፤ ቦምቡ ግን ሠልጥነሃል ወይ ብሎ አልጠየቀውም። እናም የብርድ ልብሱን ታሪክ ነገርኳት።

ዝም ብላ ሰማችኝና ሳቀች። «ብርድ ልብሱ አያስፈልገኝም አባዬ፣ እዚህ የማታ ጥናት ክፍል አለን፣ መብራቱም አይጠፋም» አለች።

ድጋሚ ፈተናው ሐሙስ ጠዋት ነው። በጸሎታችሁ አስቧት።